ኔትወርክ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ

ኔትወርክ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ (ኤንአይኤስ) የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል በአንድ ሰርቨር አኑሮ በኔትወርኩ ላሉ የዩኒክስ ኮምፒዩተሮች የሚያድል ሥርዓት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰን ማይክሮሲስተምስ ተሠራ። የመጀመሪያ ስሙ የሎው ፔጅስ ነበር፤ ይህ በብሪታንያ የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት በመሆኑ ተቀየረ፤ ትዕዛዞቹ ግን ዛሬም «ዋይፒ» ብለው ይጀምራሉ።

በሊኑክስና በፍሪቢኤስዲም ይሠራል። ዋና ድክመቱ ደኅንነት ነው፤ መረጃው ሳይመሰጠር ይተላለፋል። ደንበኛው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር የሚፈልገው ለሁሉም ጥሪ በማሰማት ሲሆን፣ የመለሰለትን ማንነቱን ሳያጣራ ያምናል። ፍሪቢኤስዲ የይለፍ ቃሎቹን ሃሽ ከ1024 በታች በሆነ ፖርት ለሚጠይቅ ብቻ ይሰጣል። ይህን ፖርት የሚከፍተው ሩት ስለሆነ አጥር ይመስላል፤ የራሱን ላፕቶፕ ኔትወርኩ ላይ የሰካ ሰው ግን በላፕቶፑ ላይ ሩቱ እሱ ራሱ ነው። ሃሹን ከወሰደ በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ የይለፍ ቃሉን በግምት መፈለግ ይችላል።