የሱፍና የለውዝ ወተት

ከቅባት እህል የሚዘጋጅ ነጭ መጠጥ ታሪኩ ከጾም ጋር የተሳሰረ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖች በጾም ቀን የላም ወተትን በአልሞንድ ወተት ይተኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1390 ገደማ በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ሪቻርድ ወጥ ቤት የተጠናቀረው የምግብ አሠራር መጽሐፍም ደጋግሞ ያነሳዋል።

በኢትዮጵያ ይህን ቦታ የያዘው ሱፍ ነው፤ ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ ጥቂት ይቀቀላል ወይም ይታመሳል። ከዚያ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ውሃ እየተጨመረበት ይታሻል፤ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጥሩ ወንፊት ይጠለላል። ገለባው ሲቀር፣ በውሃው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ የተበተነው ዘይት ነጭ መልክ ይሰጠዋል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዝንጅብል ገብቶበት እንጀራ ሲፈተፈትበት የሱፍ ፍትፍት ይሆናል።

ሱፍ ደረቅ አየር ስለሚወድ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ዝናባማው የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ምድር እምብዛም አይስማማውም። ከማጣፈጫዎቹ አንዱ የሆነው ዝንጅብል ግን በዚያው ቡና አብቃይ ምድር ይበቅላል።

ለውዝም እንዲሁ ወተት ይወጣዋል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ይላጣል፤ አንድ እጁ በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይፈጫል፤ ተጠልሎም ይፈላል። በማቀዝቀዣ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። የሻገተ ወይም የመረረ ለውዝ መርዛማ አፍላቶክሲን ሊኖረው ስለሚችል ይጣላል። መጠጡ እንደ ላም ወተት ብዙ ካልሲየም የለውም፤ ለሕፃናትም የእናት ጡት ወተትን አይተካም።