«ቤትዎን በካሽ እንገዛለን»፦ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት ያለው ሐበሻ ይህችን ፖስትካርድ ያውቃታል። ቢጫ ናት፤ ጽሑፏ በእጅ የተጻፈ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ግን ፊደሎቿ ሁሉ ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የማተሚያ ሥራ ነው። «ቤትዎን እንዳለ በካሽ እንገዛለን፣ ኮሚሽን የለም፣ በሳምንት ያልቃል» ትላለች። ጡረታ ወጥቶ አገር ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው ቶሎ አይጥላትም። ቡና ላይም «ጋሼ፣ ከኤጀንት ጋር ምን አጨቃጨቀዎት? ሸጠው ይገላገሉ» የሚል አይጠፋም።

ተረት 1፦ ካሽ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ነው የሚመጣው።

እውነታ፦ «ካሽ» ሲባል ሽያጩ የባንክ ሞርጌጅ አይጠብቅም ለማለት ነው። ካርድ ከሚልኩት አንዳንዶቹ ቤቱን ጨርሶ አይገዙም። ከእርስዎ ጋር ይዋዋሉና ውሉን ትርፍ ጨምረው ለሌላ ይሸጡታል፤ «ሆልሴለር» ይባላሉ። የሚቀበላቸው ካጡ «ኢንስፔክሽኑ ችግር አሳየ» ብለው ይተዉታል፤ ወይም ዋጋ ያስቀንሳሉ። ስለዚህ ሳይፈርሙ ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ ገንዘቡ መኖሩን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ፣ በታይትል ካምፓኒ እጅ የተቀመጠ ጠንከር ያለ ቀብድ፣ ውሉ ለሌላ ሰው መተላለፍ አለመቻሉ።

ተረት 2፦ ኮሚሽን ከሌለ እጄ የሚገባው ይበልጣል።

እውነታ፦ አድሶ የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ ጊዜ በ70 በመቶ ስሌት ይነሳል፦ ቤቱ ታድሶ ከሚያወጣው 70 በመቶውን ወስዶ የማደሻውን ወጪ ይቀንሳል። ለምሳሌ ታድሶ 500,000 ዶላር የሚያወጣ፣ እድሳቱ 60,000 የሚፈጅ ቤት እንውሰድ። ነጋዴው የሚሰጥዎ 290,000 ነው። ያው ቤት ሳይታደስ በገበያ 430,000 ቢሸጥስ? 6 በመቶ ኮሚሽን 25,800፣ የክሎዚንግ ወጪ 8,000፣ እስኪሸጥ የሦስት ወር ሞርጌጅና ግብር 9,000 ብለን እንቀንስ፤ 387,200 ይቀራል። ኮሚሽን ለማዳን ከ97,000 በላይ ማጣት ማለት ነው። ደግሞም ኮሚሽን በሕግ አልተቆረጠም፤ ድርድር ነው። ከኦገስት 2024 ወዲህ የገዢው ኤጀንት ክፍያ በአብዛኞቹ የኤጀንቶች የሽያጭ መዝገቦች ላይ መውጣቱ ቀርቷል፤ እሱም መደራደሪያ ሆኗል።

ተረት 3፦ ገበያ ላይ ለማውጣት መጀመሪያ ማደስ ግድ ነው።

እውነታ፦ «አዝ ኢዝ»፣ እንዳለ ብሎ ማውጣት ይቻላል። ካሽ ገዢዎችም እዚያ ይመጣሉ፤ ልዩነቱ እርስ በርሳቸው መሻማታቸው ነው። እንዳለ መሸጥ ግን መደበቅ አይደለም፦ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ፣ ለማንም ይሽጡ፣ ስለ ሊድ ቀለም የሚያውቁትን መግለጽ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል።

ተረት 4፦ በካሽ የተሸጠን ቤት ታክስ አያየውም።

እውነታ፦ የገዢው አከፋፈል ታክሱን አይለውጥም። ካለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ 2ቱን በባለቤትነት ይዘው ከኖሩበት፣ ከትርፉ እስከ 250,000 ዶላር፣ አብረው ታክስ ለሚሞሉ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር፣ ከፌዴራል ታክስ ነፃ ሊሆን ይችላል። ሲያከራዩት ለቆዩት ቤት ግን መጀመሪያ የታክስ ባለሙያ ያማክሩ።

ተረት 5፦ ካሽ ገዢ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

እውነታ፦ አይደለም። ባንኩ ቤቱን ሐራጅ ሊያወጣው ሳምንታት ሲቀሩ፣ ጣሪያው አፍስሶ ማሞቂያው ሞቶ ሞርጌጅ የሚፈቅድለት ሲጠፋ፣ ወይም ወራሾች በየአገሩ ተበትነው ቤቱን የሚጠብቅ ሲታጣ፣ ፈጣን ገዢ እውነተኛ መፍትሔ ነው። ፍጥነት ሸቀጥ ነው፤ የሚያስፈልገው ሰው ቢገዛው አያስነቅፍም።

የሚያስቆጨው ፍጥነትን ሳያስፈልግ መግዛቱ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። ስለዚህ ካርዷን አይጣሏት። ደውለው የሚሰጡትን ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉና ጀርባዋ ላይ ይጻፉት። ከዚያ ሁለት ኤጀንቶች ጠርተው፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጅዎ የሚገባውን የሚያሳይ ስሌት ያሠሯቸውና ከጎኑ ያስፍሩት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የችኮላዎ ዋጋ ነው። ያንን ያህል ይቸኩላሉ?