ልጄ አይጠጣም፣ አይቅምም ነበር

እናቶች ተሰብስበን ስለ ልጆቻችን ስናወራ የምንፈራቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራ፣ መጥፎ ጓደኛ። በዚህ ወሬ መሐል እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምቀመጠው። የመጀመሪያ ልጄ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አያመሽም። ትዳር ይዞ ከወጣ በኋላም እሑድ እሑድ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይመጣል። ቡናው እስኪፈላ ሶፋው ጥግ ላይ ስልኩን እያየ ዝም ብሎ ይቀመጣል። "ምን ታያለህ?" ስለው "ኳስ ነው እማዬ" ይለኛል። ጎረቤቶቼ "ታድለሽ" ይሉኝ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ ቁጥር ሰው የሚነግረኝ ሳይሆን እኔ ለሰው የምነግር ነበርኩ። ይህን መጻፍ የከበደኝም ለዚህ ነው። ልጄ ጽሑፉን ከማስረከቤ በፊት አንብቦታል። ያሳረመኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። "የደንበኛ ገንዘብ ተበድሮ" ብዬ የጻፍኩት ቦታ ላይ ሲደርስ "አልተበደርኩም እማዬ፣ የሰው ገንዘብ ነው ያጠፋሁት፤ እንደሱ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። እንደሱ ብዬ ጽፌያለሁ።

ሥራው ኤሌክትሪክ ነው፤ በአዳዲስ ቤቶች ሽቦ ይዘረጋል። ባለቤቶቹ ለዕቃ መግዣ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጡታል። በ2012 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ መሣሪያዎቹ እንደተሰረቁ፣ 12 ሺሕ ብር ካላገኘ ሥራው እንደሚቆም ነገረኝ። ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበርና ሰጠሁት። "ለአባቴ እንዳትነግሪው፣ ያፍርብኛል" አለኝ። አልነገርኩም። ለሚስቱም አልነገርኩም።

በዓመቱ አንድ ደንበኛ ደጃችን ድረስ መጣ። እንደ ዕድል ሆኖ ባለቤቴ አልነበረም። ዕድል ያልኩት ያኔ ነው። ልጄ ያን ቀን አልቅሶ ነገሩን አወጣው፤ ቤቲንግ ይጫወታል። ውርርድ ቤቶቹን በየሠፈሩ አያቸው ነበር፤ በራቸው ላይ ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ፣ ውስጡ ጎረምሳ ሞልቶ። ለእኔ ግን ቁማር ማለት ካርታ ነበር፤ ጢስ የሞላበት ክፍል፣ ኮንከር፣ ጠብ። ልጄ ከቤቴ ሶፋ ላይ ቁማር ሊጫወት ይችላል ብዬ እንዴት ላስብ? በመጽሐፍ ቅዱስ አስምዬው፣ ለጣራ ቆርቆሮ ካስቀመጥነው ላይ 35 ሺሕ ብር ከፈልኩለት። ለባለቤቴ የቆርቆሮ ዋጋ ስለጨመረ እንጠብቅ አልኩት። ዋጋው በእርግጥም ጨምሮ ነበር፤ ውሸታም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያግዘዋል።

እዚህ ላይ ልደብቀው የማልፈልገው ነገር አለ። በሁለቱ ክፍያዎች መሐል ልጄ ፍሪጅ ገዝቶልኛል። "ሥራ ቀንቶኝ ነው" አለ። "እጅህ ይባረክ" ብዬ መረቅኩት፤ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ኋላ ላይ ሳስበው ከመሐላው በኋላም ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። ሲከስር አለቀስኩ እንጂ ሲበላ አልከፋኝም።

ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ለአንድ ፎቅ ቤት ሽቦና ብሬከር መግዣ 68 ሺሕ ብር በእጁ ነበር። በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አርጀንቲና ከሳዑዲ አረቢያ ትጫወታለች። አርጀንቲና 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ ነው የመጣችው። "እንደ ባንክ ነበር የቆጠርኩት" ይላል ልጄ። 40 ሺሕ ብሩን በብዙ ቲኬት ከፋፍሎ በአርጀንቲና ላይ አስያዘ። ቢሳካለት የሚያተርፈው ጥቂት ሺሕ ብር ነበር፤ ማሸነፏ የተረጋገጠ ለሚመስል ቡድን የሚሰጠው ትርፍ አነስተኛ ነው። ሜሲ በ10ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ከዕረፍት በኋላ ሳዑዲዎች በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አገቡ። 2 ለ 1 አለቀ።

ያን ጊዜ ተነሥቶ ቢወጣ 28 ሺሕ ብር በእጁ ነበር። ሱሱን ያወቅኩት እዚህ ላይ ነው። በእሱ አእምሮ የጠፋው 40 ሺሕ ገና አልጠፋም፤ የሚመለስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቀሪውን በዚያው ቀን ጨዋታዎች ላይ አዋለው። ዴንማርክ ቱኒዝያን ታሸንፋለች አለ፤ 0 ለ 0 ወጡ። ማታ በሜክሲኮና በፖላንድ ጨዋታ ጎል ይቆጠራል አለ፤ እሱም 0 ለ 0።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ምራቴ ደወለች። ስልኩ ተዘግቷል፣ ቤት አልገባም። ባለቤቴን ቀስቅሼ ሁሉንም የነገርኩት ያኔ ነው፤ የሦስት ዓመቱን ጉድ ጫማውን እያሰረ ሰማው። ልጃችንን ሊነጋጋ ሲል ሥራ ቦታው፣ ባልተለሰነው ፎቅ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። "እኔ ብሞት ዕዳው አብሮኝ ይሞት ነበር" አለ። ባለቤቴ አልተቆጣም፤ ኮቱን አውልቆ አለበሰው።

ቀድመን የሄድነው ወደ ንስሐ አባታችን ነው። ጸበል እንደሚያዙልን እርግጠኛ ነበርኩ፤ አዘዙም። ግን "ስለ ሞት ያወራ ልጅ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፤ ጸበሉ ሐኪም አይከለክልም" አሉን። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለውን ስም ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። በእኛ ዘመን "አማኑኤል ገባ" ማለት አበደ ማለት ነው፤ ለስድብ ነበር የምንጠቀምበት። በሩ ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ገባሁ። ውስጥ ስገባ ግን ወረፋ የያዙት እንደኛው ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዷን እንዲያውም ከገበያ አውቃታለሁ። ሁለታችንም እንዳልተያየን ሆንን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ተማሪዬ የነበረች ትመስላለች። መጀመሪያ ልጄን ራሱን ስለማጥፋት ማሰብ አለማሰቡን በግልጽ ጠየቀችው። እኔ ይህን ጥያቄ የፈራሁት ሐሳቡን የምሰጠው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሲጠየቅ ትከሻው ነው የወረደለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦

"የመጀመሪያውን ዕዳ ማን ከፈለው?"

"እኔ።"

"ሁለተኛውንስ?"

"እኔ።"

"አሁንስ ምን አስበዋል?"

የሠርጌን የወርቅ አምባር በቦርሳዬ ይዤ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ወጥቼ ወደ ወርቅ ቤቶች ልሄድ ነው። መልስ ሳልሰጥ ቦርሳዬን ጭብጥ አደረግኩት መሰለኝ፣ ገባት። "ሕመሙ እንደ መጠጥ ሱስ ነው" አለችን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ክፍል አስቀምጦታል። ለይቶ የሚያድነው ክኒን የለም፤ ዋናው ሕክምና በየጊዜው እየተገናኙ የሚደረግ የምክክር ሕክምና ነው። ድብርት ካለ ለእሱ መድኃኒት ይሰጣል። "ዕዳውን በአንድ ጊዜ የሚያነሣለት ሰው ካለ ግን ነገ እንደገና የሚያስይዝበት ነጻ ቦታ ከፈተለት ማለት ነው" አለች። እንደ አስተማሪ ቶሎ ይገባኛል፤ እንደ እናት እስካሁንም አንዳንድ ሌሊት አይገባኝም።

እኔ ደግሞ በራሴ መንገድ ልፈውሰው ሞከርኩ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በአንድ ቲኬት ላይ 10 ጨዋታ ብትይዝ፣ እያንዳንዱም ከመቶ 70 የመሳካት ዕድል ቢኖረው፣ አሥሩም የሚገቡልህ ከ100 ቲኬት በ3 እንኳ አይሞላም። ዘጠኙ ገብተው በአንዱ የሚቃጠለው ግን ከ100 በ12 ነው። ማለትም ከምታሸንፍበት ይልቅ "ለጥቂት" የምትልበት አራት እጥፍ ይበልጣል፤ ይኸው ነው የሚያስርህ። ስሌቴ ያማረ ነበር። ልጄ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ "አውቀዋለሁ እማዬ" አለ። "ዘጠኙ ገብቶ በአንድ ሲቃጠል ጭንቅላቴ ከሰርክ አይለኝም፤ ደረስክ ነው የሚለኝ።" ገንዘቡን እንኳ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንደማያስበው ነገረኝ። የሚፈልገው ዘጠናውን ደቂቃ ነው። ወረቀቱን አጣጥፌ አነሣሁት።

ከበደኝ ካልኩት ሁሉ የከበደኝ የምራቴ ነገር ነው። ልጇን ይዛ ሁለት ወር ወላጆቿ ቤት ሄደች። ልለምናት ስሄድ ቡና አፍልታ፣ ትራስ አስደግፋ በክብር ተቀበለችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "እማማ፣ እርስዎ ባይከፍሉለት ኖሮ እኔ ገና በ2012 አውቅ ነበር።" ቤቷን ያዳንኩላት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ የቤቷን ጉድ እንዳታውቅ በር ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ለሦስት ቀን አልተናገረም። በአራተኛው ቀን ደብተር ገዝቶ መጣና ልጃችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ እስከ መቶ ብር ድረስ" አለው። አሥራ አንድ ሰው፣ 214 ሺሕ ብር ሆነ። ሁለቱ የሚስቱ ዘመዶች ነበሩ። ለባለ 68 ሺሑ ደንበኛ ሽማግሌ ላክን፤ ከሥራው እየታሰበ፣ ቀሪው በየወሩ እንዲከፈለው ተስማማ። ከእኛ ኪስ አንድ ብር አልወጣም። ልጄ ስማርት ስልኩን ለሚስቱ አስረክቦ በተን ስልክ ያዘ። ደሞዙ በእሷ ሒሳብ ይገባል፤ ለታክሲ በቀን ትሰጠዋለች። የሥራ ዕቃ ደንበኞቹ ራሳቸው ይገዛሉ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው በየማለዳው የታክሲ ሲቀበል ማየት ያማል። ራሱ ነው ያቀረበው፤ ቢሆንም ያማል።

በከተማችን ውርርድ ቤቶች የታሸጉ ሰሞን "ተገላገልን" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ልጄ ግን ያጠፋውን አብዛኛውን ገንዘብ ያጠፋው በስልኩ ነው፤ ስልክ አይታሸግም። ለወላጆች የምነግረው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ሽታ የለውም፣ አያንገዳግድም፣ አያስመሽም። እኔ ዘንድ የነበሩትን ምልክቶች ዛሬ ሆኜ ስቆጥራቸው፣ ገንዘብ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ለዛሬ ነው፣ ሁልጊዜም ታሪክ አለው። ስልኩን ሲያስቀምጥ በፊቱ ይደፋዋል። የድሪሉ መምቻ "ጓደኛ ጋ" ቀርቷል። ሰምቼው የማላውቀውን የሩቅ አገር ቡድን ስም እየጠራ በሌሊት ይናደዳል። የአርሰናል ደጋፊ መሆኑን ነበር እኮ የማውቀው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቅዳሜ የሚሉት ቀን ባይኖር እንል ነበር። እንቅልፍ የለውም፣ ይቆጣል፣ እጁ ያለቦታው ኪሱን ይደባብሳል። አባቱ ቅዳሜ ከሰዓት እየጠራው የቤታችንን ኤሌክትሪክ አብረው ያድሱ ጀመር። ቤታችን ውስጥ ሁለቴ ያልተቀየረ ሶኬት የለም። የበረንዳው መብራት እስካሁን የሚበራው የኩሽናው ማብሪያ ሲነካ ነው፤ ተዉት ብያለሁ።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ ሲካሄድ ወደቀ። በሰው ስልክ 3 ሺሕ ብር ተጫውቶ አጠፋ። በዚያው ሌሊት ደወለልኝ። "እማዬ፣ ወደቅኩ።" ልቤ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። የጠየቅኩት ግን "ለሚስትህ ነግረሃታል?" ብዬ ነው። "ከአንቺ በፊት ነው የነገርኳት" አለኝ። ገንዘብ አልሰጠሁትም፤ በማግሥቱ ለሐኪሟ ቀጠሮ ያስያዘችው ምራቴ ናት። አንዳንድ ዘመድ "ይኸው፣ አልተወም" አለ። ሐኪሟ ደግሞ "በፊት ሦስት ዓመት ደበቀ፣ አሁን ሦስት ሰዓት" አለችን።

አሁን ከ214 ሺሑ የቀረው 41 ሺሕ ነው። ደብተሩ አባቱ ጋ ነው፤ በወር መጨረሻ አብረው ይሰርዛሉ። እኔም የእንቁጣጣሽ ሎተሪ መቁረጥ ትቻለሁ። አንድ ሎተሪ ቤት አያፈርስም፤ ነገር ግን እሱ ባለበት ቁጥር ሲነበብ መስማት አልፈልግም።

የፊታችን ሰኔ 4 የዓለም ዋንጫ ይጀመራል፤ 48 ቡድን፣ 104 ጨዋታ፣ አገሩ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሆነ አብዛኛው ለእኛ ሌሊት ነው። ልጄ ስለዚህ ወር ከመጋቢት ጀምሮ ከሐኪሟ ጋር ሲነጋገር ቆይቷል። ጨርሶ አላይም ነበር ያለው። ችግሩ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው፤ ኳስ ሞቱ ነው፤ የሚያየውም ከአባቱ ጋር ነው። በመጨረሻ እኛ ቤት፣ አያቱ ባሉበት፣ በጊዜ የሚጀመሩትን ብቻ ሊያዩ ተስማሙ።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ሳለን ትንሹ የቡድኖቹን ዝርዝር በእስክሪብቶ ጽፎ መጣ። አባቱ ጭን ላይ ወጣና "አባዬ፣ ዋንጫውን ማን ይበላል በል?" አለው። ምራቴ ስኒ እያነሣች ነበር፤ እጇ ቆመ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። ልጄ ወረቀቱን ተቀብሎ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበባቸው።

"አላውቅም" አለው። "አብረን እናያለን።"

"ገምት እንጂ!"

"አልገምትም፤ ይልቅ ሜክሲኮን ስትጽፍ አንድ ፊደል ረስተሃል፣ ና እናርመው።"