በራዲያተር ውስጥ የገባ ዘይት፤ መነሻውና አጠባቡ

ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚጓዝ መኪና 75 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ ውስጥ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ጀሪካኑን አጠገቡ አስቀምጦ የሞተሩን መብረድ የሚጠብቅ ሾፌር ሳያጋጥመው አይቀርም። ሞተር የሚያፈላበት ምክንያት ብዙ ነው። እዚህ የምንመለከተው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ዘይት ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋር ሲቀላቀል የሚያደርሰውን ጉዳትና የሚጸዳበትን መንገድ ነው። ነገሩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው አይደለም። በአርሲ የስንዴ አጨዳ ሲደርስ አንድ ኮምባይነር ቢቆም፣ የሚጎዳው ባለ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን እህሉ በማሳው ላይ የሚረግፍበት ገበሬም ጭምር ነው።

በሞተር ውስጥ ዘይትና ውሃ ጎን ለጎን፣ ግን በየመንገዳቸው ይዘዋወራሉ። ዘይቱ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያለሰልሳል፤ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። ሁለቱ የሚገናኙት የሚለያያቸው ነገር ሲበላሽ ነው። ይህም በአብዛኛው ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ይሆናል። አንደኛው በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ወይም ቴስታታው ሲሰነጠቅ ነው። ሁለተኛው በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የሚገኘው፣ ዘይቱን በውሃ የሚያበርደው ክፍል ሲቀደድ ነው። ሦስተኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪናዎች፣ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የካምቢዮ ዘይት ቱቦ ሲያፈስስ ነው።

ዘይት ወደ ውሃው የሚገባው ለምንድን ነው? ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ግፊት ስለሚበልጥ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወድቃል፤ የጋለው ውሃ ግፊት ጥቂት ይቆያል። በዚያን ጊዜ ውሃው በተራው ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በራዲያተሩ ውስጥ ቡና በወተት የመሰለ ዝቃጭ ያየ ሰው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ መመልከት አለበት። በዘንጉም ላይ ወተት መሳይ ነገር ካለ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ ውሃ የገባበት ዘይት የማለስለስ ኀይሉን ያጣልና። የራዲያተሩ ዝቃጭ ወደ ቀይነት ወይም ወደ ሮዝ ቀለም ካደላ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የካምቢዮው ዘይት ነው።

ይህ ችግር በደጋ አገር የሚብስበት ምክንያት በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀው ነው። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአሰላ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ80 እና በ90 ዲግሪ መካከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንኛ ጠባብ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ፣ ደህና በሆነ ጊዜ ውሃው በአሰላም ቢሆን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ዘይት ግን የክዳኑን ጎማና የውሃ ቱቦዎችን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። ክዳኑ ግፊት መያዝ ሲያቅተው የቆላው መኪና ገና ሲታገሥ የደጋው ያፈላል። በዚህ ላይ ዘይቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጣቸውን ስለሚለብጥ ሙቀቱ እንደ ልብ አይወጣም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ምንጩ ሳይደፈን እጥበት አይጀመርም። ጓርኒሲዮኑ እንደ ተቃጠለ ራዲያተሩን ማጠብ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው። ገንዘቡም ድካሙም ይባክናል፤ መኪናው በሳምንቱ ተመልሶ ይቆማል።

ምንጩ ከተጠገነ በኋላ እጥበቱ እንደሚከተለው ይከናወናል። ሞተሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ብቻ ክዳኑ ይከፈታል፤ በግፊት ተይዞ የጋለ ውሃ ክዳኑ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ያቃጥላል። የቆሸሸው ውሃ ከራዲያተሩም ከሞተሩ አካልም ይፈስሳል። ውሃው ያለ ከልካይ እንዲዘዋወር ቴርሞስታቱ ይወጣል፤ የመኪናው ማሞቂያም ይከፈታል።

ባዶ ውሃ ዘይትን አያጥብም። የሳሙና ሞለኪውል ግን አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን ስለሚይዝ ዘይቱን በትንንሹ ከፋፍሎ ከውሃው ጋር ያወጣዋል። የተለመደው የልብስ ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ነው፤ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። ስለሆነም ለዚሁ የተሠራው ማጠቢያ ወይም አረፋው አነስተኛ የሆነው የሳህን ማጠቢያ ማሽን ዱቄት ይመረጣል። ይህ ዱቄት አሉሚኒየምን ሊበላ ስለሚችል በሞተሩ ውስጥ ማሳደር አይገባም። ሞተሩ የሙቀት መለኪያው እየታየ ለአጭር ጊዜ ይሠራል፤ ይጠፋል፤ ይበርዳል፤ ውሃው ይፈስሳል። ይህ የሚወጣው ውሃ በጣት መካከል ሲታሽ ቅባት እስከማይሰማበት ድረስ ይደጋገማል። ከዚያም ሳሙናው እስኪያልቅ በንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ ይለቀለቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል በየመካከሉ መታገሥ ያስፈልጋል።

አንዳንዶች በቤንዚን ወይም በላምባ ማጠብ ይቀናቸዋል። ይህ ጎማውን ከዘይቱ ይልቅ ይጎዳል፤ እሳትም ያስነሣል። በመጨረሻ ያበጡት ቱቦዎችና ክዳኑ በአዲስ ተተክተው፣ ቴርሞስታቱ ተመልሶ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር የተመጠነ ኩላንት ይሞላል። ኩላንት ዝገትን ስለሚከለክል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ስለሚያደርግ ባዶ የቧንቧ ውሃ አይተካውም።

የወጣው ዝቃጭ በደጃፍ መደፋት የለበትም። በብዙው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለ ሆነ የላሰው ውሻ ወይም ከብት ሊሞት ይችላል። በዕቃ ተጠራቅሞ ከጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ጋር፣ ግን ለብቻው መቀመጥ ይገባዋል።

ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ መኪና ወይም ትራክተር ያለው ዘመድ «ራዲያተሩን አጥበውልኝ ነበር፤ እንደገና አፈላ» ቢለን፣ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዘይቱ የገባው በየት በኩል እንደ ሆነ ታውቋል ወይ?» መልሱ «አይ» ከሆነ የታጠበው ምልክቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ የአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋ የሚያድነው ሞተር ነገ በሙሉ ሞተር ዋጋም አይመለስምና።