ስለ ቫን መኪና የኋላ ፍሬንና ስለ እጅ ፍሬን አጠጋገን

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዛሬው ንግግራችን የምናብራራው ጉዳይ ጧት ሠራተኛውን ሰብስበው ወደ መሥሪያ ቤት የሚያመጡትን፣ ማታም ወደየሰፈሩ የሚመልሱትን የቫን መኪናዎች የሚመለከት ነው። ይኸውም የኋላ ዲስክ ፍሬንና የእጅ ፍሬን እንዴት እንደሚሠሩ፣ ሲበላሹም በምን ቅደም ተከተል መጠገን እንደሚገባቸው ነው። ምናልባት «እኔ የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የፍሬን ነገር ለመካኒክ እንጂ ለእኔ ምን ይረባኛል?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመኪናው የሚሳፈረው እርሱ ነው፤ የጥገናውን ወጪ ተመልክቶ የሚፈርመውም እርሱ ወይም የሥራ ባልደረባው ነው። የሚፈርምበትን ነገር የማያውቅ ሰው ገንዘቡ ለእውነተኛ ጥገና ይዋል ወይም ጉድለትን ለመሸፈን ይዋል ሊለይ አይችልም።

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር ተነሥታ ወደ ደቡብ የምትወርድ የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ሾፌሮቻችንም በዳገት ላይ መኪና ሲያቆሙ ማርሽ ያስገባሉ፤ ከጎማው ሥርም ድንጋይ ያደርጋሉ። ጥንቃቄው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ድንጋዩ የእጅ ፍሬኑ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ምትኩ የሆነ እንደሆነ አደጋው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ድንጋዩ ቢንሸራተት ወይም አንድ ሕፃን ለጨዋታ ቢያነሣው፣ ከቁልቁለቱ በታች በእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው ማን ይጠብቀዋል?

የኃይሉን መጠን በቊጥር እንመልከተው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን 13ኛው የተሽከርካሪ ደንብ፣ የእጅ ፍሬን ሙሉ ጭነት የያዘን መኪና በ18 በመቶ ዳገት ላይ፣ ማለትም በ100 ሜትር አግድም ርቀት 18 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ፣ ሳያንቀሳቅስ መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ከነጭነቱ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቫን በእንዲህ ያለው ስፍራ ሲቆም ወደ ታች የሚስበው ኃይል 620 ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለት ከስድስት ኩንታል በላይ ነው። ይህንን ሁሉ በእጅ ፍሬን የሚይዙት ሁለቱ የኋላ እግሮች ብቻ ናቸው።

ፍሬን በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የታምቡር ፍሬን ሲሆን፣ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች ከታምቡሩ ውስጥ ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳውን ይይዙታል። ሁለተኛው የዲስክ ፍሬን ሲሆን፣ ካሊፐር የሚባለው አካል ሁለት ፓዶችን ከግራና ከቀኝ አጥብቆ ከጎማው ጋራ የሚዞረውን ዲስክ ይጨብጠዋል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ዝናው የገነነው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1953 የጃጉዋር መኪና በዲስክ ፍሬን እየተረዳ የለ ማንን ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ነው። ዲስክ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውሃም ቢነካው ቶሎ ይደርቃል።

እንግዲህ ዲስክ ይህን ያህል የሚመሰገን ከሆነ የእጅ ፍሬንን ለምን ያስቸግራል? ቢሉ ምክንያቱ ይህ ነው። ታምቡር መዞር ሲጀምር ሸራውን ራሱ እየሳበ ወደ ግድግዳው ስለሚያስጠጋው መያዙ ይጠነክራል። ዲስክ ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ የሚይዘው በተጨበጠው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ የኋላ ዲስክ ላላቸው ቫኖች መሐንዲሶች ሁለት መላ አበጁ። የመጀመሪያው በዲስኩ እምብርት ውስጥ ለእጅ ፍሬን ብቻ የምታገለግል ትንሽ ታምቡር መሥራት ነው፤ በ1995 የወጣው የመርሴዲስ ስፕሪንተር የዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው የእጅ ፍሬኑ ኬብል በካሊፐሩ ላይ ያለችውን አነስተኛ ማንሻ እንዲስብና ፒስተኑን በውስጥ ጥርስ እንዲገፋ ማድረግ ነው፤ በ2003 የወጣው የፎልክስቫገን ትራንስፖርተር አምስተኛው ትውልድ እንዲህ ያለውን ይዟል። በከተማችን የሚበዙት የቶዮታ ሃያስ ሚኒባሶች ከኋላቸው በአብዛኛው ተራ ታምቡር ስለሆኑ፣ በእነርሱ የለመደ መካኒክ የዲስኩንም እንደዚያው አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ስሕተት የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

የንግግራችን ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ የእጅ ፍሬን ማንሻ ላልቶ ወደ ላይ ብዙ በተሳበ ጊዜ ፈጥኖ ኬብሉን ማጥበቅ ጥገና አይደለም። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከጎማው ዘንድ ነው። ኬብሉ ያለ አግባብ ሲጠብቅ በካሊፐሩ ላይ ያለችው ማንሻ ወደ መነሻዋ መመለስ ያቅታታል፤ ያን ጊዜም ፓዱ ባለቀ ቊጥር ፒስተኑን የሚያስጠጋው ውስጣዊ ማስተካከያ ሥራውን ያቆማል። ከዚህም በቀር ፓዱ ከዲስኩ ሳይለቅ እየታከከ ይሄዳል፤ ፍሬኑም ይግላል። እንዲህ ያለው መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ ቢይዝ ሙቀቱ በሙቀት ላይ ይጨመርበታል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ የፍሬን ዘይት ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም ሲረገጥ ያለ ተቃውሞ ይወርዳል።

አሁን ወደ ሥራው ቅደም ተከተል እንለፍ። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው፤ ለሥራው የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ነውና። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመደገፍ ስላልተሠራ፣ ከተነሣ በኋላ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባለት። ጎማው እንደወለቀ የፍሬኑን ትቢያ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር መንፋት አይገባም፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ከዚያ በኋላ ኬብሉ በደንብ ይላላ። ካሊፐሩ ሲፈታ በዘይት መተላለፊያው ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ ይታሰር። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች በነጻነት መሄዳቸው፣ የፒስተኑ አቧራ መከላከያ ጎማ አለመቀደዱ ይታይ። የፓዱ ሸራ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንደሆነ የግራውና የቀኙ በአንድነት ይለወጥ። ለዲስኩ የተፈቀደው አነስተኛ ውፍረት ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ከዚያ ያነሰው ዲስክ በአዲስ ይተካ እንጂ በይሁን አይታለፍ።

በዲስኩ ውስጥ ታምቡር ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ዲስኩ አልወጣ ሲል በመዶሻ ከመቀጥቀጥ በፊት የውስጡን ጥርሳም ማስተካከያ በቀዳዳው በኩል በካቻቢቴ ማላላት ይገባል። የዚህ ታምቡር ሸራ መኪናው ቆሞ ሳለ ብቻ ስለሚሠራ በመታከክ እምብዛም አያልቅም፤ የሚጠፋው በዝገት ነው። ማኅደሩ ሲዝግ ሸራው ከብረቱ ይላቀቃል፤ ሞላዎቹም ይሰበራሉ። እንግዲህ የእጅ ፍሬንን «እንዳያልቅ» ብሎ ሳይጠቀሙበት መተው እርሱኑ መግደል ነው። ሸራው በዘይት ርሶ ከተገኘም ዘይቱ የመጣበት መከላከያ ጎማ ሳይለወጥ አዲስ ሸራ ቢገባ ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል።

የእጅ ፍሬኑ ከካሊፐሩ ጋራ አንድ የሆነ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፒስተኑ በኃይል ተጨምቆ አይገባም፤ በመሣሪያው እየተገፋና እየዞረ ነው የሚገባው። በጉልበት የተጨመቀ እንደሆነ የውስጡ ጥርስ ይሰበራል። አንዳንድ አዳዲስ ቫኖች ደግሞ የእጅ ፍሬናቸውን በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚያንቀሳቅሱ፣ አስቀድሞ በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ሳይመለሱ መነካት የለባቸውም። ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይኛው ማጠራቀሚያ ስለሚወጣ ሞልቶ እንዳይፈስ መጠበቅ ያሻል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ። የታምቡሩ ማስተካከያ ዲስኩ እስኪያዝ ድረስ ይጥበቅና፣ እንደገና በነጻ እስኪዞር ጥቂት ጥርስ ይመለስ። በካሊፐሩ ዓይነትም ማንሻዎቹ በሁለቱም ወገን መነሻቸው ላይ ማረፋቸው ይረጋገጥ። የኬብሉ ተራ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ሁለቱም ጎማዎች በነጻ ሊዞሩ፣ የአምራቹ መጽሐፍ በወሰነው ጥርስ ሲሳብም እኩል ሊይዙ ይገባል። የመጨረሻው ፈተና በዳገት ላይ ነው፤ ሾፌሩ ከመሪው ሳይለይ፣ ከበታቹም ሰው ሳይኖር፣ ማርሹን ነጻ አድርጎና እግሩን ለፔዳሉ አዘጋጅቶ መያዙን ይሞክር።

እንግዲህ የጥገና ወረቀት ለመፈረም የምትቀርቡ ሁሉ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ። አንደኛ፣ ጎማው ወልቆ የውስጡ ታይቷልን? ሁለተኛ፣ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ የት አለ? ሦስተኛ፣ ኬብሉ የተስተካከለው በመጀመሪያ ነው ወይስ በመጨረሻ? አራተኛ፣ መኪናው በዳገት ላይ ተፈትኗልን? ሾፌሩንም መኪናውን ባቆመ ቊጥር፣ በሜዳም ቢሆን፣ የእጅ ፍሬኑን እንዲስብ አሳስቡት። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ማድረጉን አይተው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሁለተኛ ዘበኛ እንጂ ብቸኛው ዘበኛ አይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በጋራዥ የምትከፈለው ጥቂት ገንዘብና በጥያቄ የምትጠፋው ጥቂት ጊዜ ከሰው ሕይወት ጋራ የምትነጻጸር አይደለችም።