ለሐኪም የተነገረ ገመና ከክፍሉ ይወጣል?

በአቃቂ ቃሊቲ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ግቢው አንድ፣ እድሩ አንድ ነው። በኮንዶሚኒየም ቢሆን እንኳ ማን ወጣ ማን ገባ የሚለው ከጎረቤት ዓይን አያመልጥም። ጤና ጣቢያ ሲኬድም ካርድ የሚያወጣው የሰፈር ልጅ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ አንዲት እናት ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ ቢያጣት፣ ልቧ ያለምክንያት ቢሸበር፣ ሕፃኑን ለማቀፍ ብትፈራ፣ ለሐኪም ከመናገሯ በፊት «ይህ ነገር ለማን ይወራብኝ ይሆን?» ብላ ብታስብ አይፈረድባትም። ባልየውም «የአእምሮ ሕክምና ጀመረች ከተባለ ስማችን ይነሣል» ብሎ ቢያመነታ ከክፋት አይደለም። ነገር ግን ሕክምናው በዘገየ ቁጥር እናቲቱም ሕፃኑም ይጎዳሉ።

አንባቢያችን በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው ምሥጢር የሚባለው በክፍሉ ውስጥ የተነገረው ቃል ብቻ አለመሆኑን ነው። ወደ ሕክምናው መምጣትዎ፣ የበሽታው ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ምሥጢር ነው። በጠና የታመመ ሰው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሲላክ የሆስፒታሉ ስም ራሱ እንደ ስድብ የሚቆጠርበት አገር ውስጥ ስለምንኖር፣ «እገሊት እዚያ ታየች» ማለት ብቻውን ጉዳት ያደርሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 399 ጉዳዩን ወደ ሕክምና ክፍል ያወርደዋል። ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ የመድኃኒት ባለሙያና ረዳት የሕክምና ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምሥጢር ቢያወጣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሥራውን ቢለቅም ግዴታው አይቀርለትም። አስተርጓሚና በትምህርት ላይ ያለ ተማሪም በዚሁ አንቀጽ ይጠየቃሉ። የሃይማኖት አባቶችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ለነፍስ አባቱ ገመናውን መንገር ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በበኩሉ የአካልና የአእምሮ ጤናን የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል።

በባልና ሚስት መካከልስ?

ብዙ ጊዜ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ይባላል፤ በሕክምና ክፍል ግን ሁለት ታካሚዎች ናቸው። ሚስት ለብቻዋ ገብታ የተናገረችውን ሐኪሙ ለባሏ የሚነግረው እሷ ስትፈቅድ ነው። «እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ ምን አለች?» የሚል ባል ያጋጥማል፤ ገንዘብ መክፈል ግን ምሥጢሩን የማወቅ መብት አይሰጥም። ለባልም እንዲሁ ነው፤ ስለ መጠጡ ወይም ከሥራ ስለ መውጣቱ የተናገረው ለሚስቱና ለአማቱ አይደርስም።

ሁለቱም አብረው ለምክር ሲቀርቡ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። አንዳንዱ አማካሪ ከመካከላቸው አንዱ ለብቻው የነገረውን በጋራው ስብሰባ ላይ አያነሣም። ሌላው ደግሞ «ከሁለታችሁ ከአንዳችሁ ጋር የምይዘው ምሥጢር አይኖረኝም» ብሎ ከመጀመሪያው ያስታውቃል። ሁለቱም አሠራር በዓለም ላይ የተለመደ ነው። ክፉው ነገር የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መናገር ነውና በመጀመሪያው ቀን «ለብቻዬ የነገርኩዎትን ምን ያደርጉታል?» ብለው ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ምሥጢር የሚገለጥበትም ጊዜ አለ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 400 ባለጉዳዩ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲያስገድድ ባለሙያው ቢናገር አያስቀጣውም ይላል። ስለዚህ በፍቺ ክርክር ላይ ያሉ ባልና ሚስት «ለሐኪም የተነገረ ጨርሶ ዳኛ ፊት አይቀርብም» ብለው መተማመን የለባቸውም። ሌላው የሕይወት አደጋ ነው። በአሜሪካ አገር በ1969 እ.ኤ.አ. አንድ ታካሚ አንዲት ወጣት ሴት ሊገድል እንዳሰበ ለአማካሪው ነገረው፤ ለልጅቱም ሆነ ለቤተሰቧ ማንም ሳያስጠነቅቅ ገደላት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. ባለሙያው አደጋ ያንዣበበበትን ሰው የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት ሲል ወሰነ። ይህ የእኛ አገር ሕግ ባይሆንም ሐሳቡ ከአገሩ ወጥቶ ተስፋፍቷል። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ይነግርዎታል፤ ሰው ግን በንዴት «እገለዋለሁ» ስላለ ወዲያው ፖሊስ ይጠራበታል ማለት አይደለም።

ከሕጉ ይልቅ የዕለት ተዕለቱ ቸልተኝነት ብዙ ምሥጢር ያወጣል። በር ተከፍቶ የሚደረግ ምርመራ፣ በወረፋ ሰው መካከል ጮክ ተብሎ የሚነገር የበሽታ ስም ለዚህ ምሳሌ ነው። «በሩ ይዘጋልኝ»፣ «ተማሪዎቹ ይውጡልኝ» ማለት ነውር አይደለም። አማርኛ ለማይቀናው ታካሚ ኦሮምኛ የሚችል ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል፤ የእናቱን ገመና ሕፃን ልጅ ማስተርጎም የለበትም። የፋብሪካ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሲያስፈልገው አሠሪው የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሐኪሙ የዕረፍቱን ቀን ጽፎ የበሽታውን ስም መተው ይችል እንደሆነ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ይጠይቁ። ስልክዎ በቤት ውስጥ በየእጁ የሚዞር ከሆነም የቀጠሮ መልእክት እንዳይላክብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

ምሥጢርዎ ወጥቶ ካገኙት በመጀመሪያ ለጤና ድርጅቱ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ። በወንጀል ለመጠየቅ ግን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን የሚያነሣው እርስዎ አቤቱታ ሲያቀርቡ ብቻ ነው፤ ጊዜውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ነው።