የምትጠልቅ ፀሐይ ስንት ታወጣለች?

በጎጃም «ባሕር» ሲባል የግድ ጨዋማ ውሃ ማለት አይደለም፤ ጣናም ባሕር ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ ባሕር ዳር ነው። እናም የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ገበያ በዚህ አገር አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ባለሀብት ግማሹ መልስ በከተማይቱ ስም ላይ ተጽፎ ያገኘዋል።

እውነተኛው ባሕርም ቢሆን ለምሥራቅ ጎጃም ነጋዴ እንግዳ አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኘው የጁቤና አጠገቧ የነበረው የባሶ ገበያ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምጽዋ ተነስቶ በጎንደር በኩል የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጊቤ አገሮች ከመዝለቁ በፊት ጭነቱን የሚያራግፍባቸው ነበሩ። ከባሕሩ ወገን ጨርቅ፣ ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከደቡብ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ የሰው ልጅም ጭምር፣ እዚያ እየተገናኘ ይለዋወጥ ነበር። ምጽዋ የደረሰው ነጋዴ ግን ፀሐይ ወደ ውሃ ስትገባ አላየም። ምጽዋ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነውና ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች እንጂ ወደ ባሕሩ አትጠልቅም።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ የዚህ ገበያ ዋና ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው በነፃ ነው። የሚሸጠው ወንበሩ ነው። ወንበሩ ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው ውሃው በስተምዕራቡ ሲሆን ነው። ኢትዮጵያ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ጨው የሚሸት ምሽት የሚፈልግ ደንበኛ አውሮፕላን ይሳፈራል። ሞምባሳ ቢሄድ የሚያገኘው የጠዋት ፀሐይ ነው፤ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ በመሆኑ የማታውን ይሸጣል። እዚህ የቀረን ሐይቆቻችን ናቸው።

በሐይቆቹ መካከል ዕድለኛዋ ሐዋሳ ነች። ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ስለተቆረቆረች ማታ ማታ ፀሐይ ከፊቷ ውሃው ላይ ትወርዳለች። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያውን ሪዞርት የከፈተውም እዚያ ነው። በአንጻሩ ቀደምቱ የሆቴል ሰው በቀለ ሞላ ላንጋኖ ላይ የገነቡት በምዕራቡ ዳር ነበር፤ እዚያ ውሃው በስተምሥራቅ ነው። ይህ ስህተት አይመስለንም። የአዲስ አበባ መኪና የሚያልፈው በምዕራቡ በኩል ነው፤ እንግዳ የሚያመጣው ደግሞ ከጀምበር ይልቅ መንገድ ነው።

ወደ ጣና እንመለስ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተኛ ውሃ ነው። ባሕር ዳር የተቀመጠችው በደቡቡ ጫፍ በመሆኑ ምሽቱን የምታየው በከፊል ነው። ለዚህም ነው ከከተማይቱ ወጣ ብሎ የተሠራው፣ በመንግሥት የግዮን ሆቴሎች ሥር የቆየው ጣና ሆቴል ለማታው እይታ ስም ያተረፈው። ከእርሱ በኋላ የመጣው የአቶ ታዲዮስ ጌታቸው ኩሪፍቱ የቢሾፍቱውን ልምድ፣ ማለትም የድንጋይ ጎጆውን፣ ስፓውንና ሐይቅ ተመልካች በረንዳውን፣ ወደ ጣና ዳር ይዞ ዘለቀ። በሰሜኑ ጫፍ ደግሞ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረጉት ሦስት የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክቶች አንዱ የሆነው የጎርጎራ ሪዞርት በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ሙሉውን ምሽት የሚያየው ግን የፎገራና የደራ ወገን ምሥራቃዊው ዳር ነው። ታዲያ ለምን እዚያ አንድ ትልቅ ሪዞርት አልቆመም? ምክንያቱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት በዚያው ወገን ቢያልፍም፣ በመንገዱና በውሃው መካከል ክረምት የሚተኛበት ረግረግ አለ፣ የፎገራ ሩዝ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰሜኑ ዳር የታየው እምቦጭም ወደዚሁ ወገን ተስፋፍቷል። በረንዳ ተሠርቶ፣ ወንበር ተዘርግቶ፣ ፀሐይዋ በአረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ብትወድቅ ክፍሉን በሐይቅ ዳር ዋጋ የሚከራይ አይገኝም። በሌላ በኩል ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ የገባ ነው። ዳርቻው እንደ ከተማ ውስጥ ቦታ እንደልብ የሚቆፈር አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሪዞርት ክፍል እንደ ወተት ነው፤ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ አይሸጥም። ወጪው ግን ጎተራ ውስጥ እንዳለ ጤፍ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ አይደለም። ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ የባንክ ወለዱ እንግዳ መጣ ቀረ አይሉም። የብቸናና የሞጣ እህል ነጋዴ ወደዚህ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚደናገጠው በዚህ ነው ብለን እንገምታለን። እርሱ የለመደው ማከማቸት ነው፤ ምሽት አይከማችም።

ምሽቱ ራሱ አጭር ነው። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ቶሎ ትወርዳለች፤ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ቢበዛ ነው፣ ይጨልማል። ባሕር ዳር ላይ በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዳለፈ፣ በሐምሌ ለ1 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ትገባለች። ሐምሌ ግን ደመና ነው፤ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው ምሽት አብዛኛው ለገበያ አይበቃም። የሚሸጠው ወቅት ከመስቀል እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ ላይ የተከመረ ነው። ክረምቱን ይሞላ የነበረው ስብሰባ ነው። ስንት የአምስት ዓመት ዕቅድ በዚያ ሐይቅ ፊት እንደጸደቀ የውሎ አበል ከፋዩ መሥሪያ ቤት ይቁጠረው።

ያም ገበያ ቆስሏል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያው ደርሶ እንኳ፣ ግጭቱ አላበቃም። ከአዲስ አበባ በደጀን አድርጎ፣ በደብረ ማርቆስም ይሁን በብቸናና ሞጣ በኩል፣ በመኪና ባሕር ዳር መግባት ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው የሚያሳስብ ነገር ሆኗል። አውሮፕላን አለ። ነገር ግን የአውሮፕላን እንግዳ ቁጥሩ ውስን ነው፤ የቅዳሜና እሁዱን አልጋ የሚሞላው የመኪናው ሰው ነበር። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ያንን እንግዳ እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው የምንዛሪው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በምሳሌ እንየው። 100 ዶላር የሚከራይ ክፍል 5,700 ብር ያስገባ የነበረው ከ10,000 ብር በላይ ማስገባት ጀመረ። ለዶላር እንግዳ ይህ ሲሳይ ነው። ነገር ግን ዶላር ከፋዩ በፀጥታው ምክንያት ሲቀር፣ የቀረው የብር እንግዳ ነው። የብር እንግዳ ደመወዙ በእጥፍ አልጨመረም፤ ማሞቂያው፣ አንሶላው፣ የጀልባው ሞተር ግን ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሪዞርቱ በዶላር እየገዛ በብር ይሸጣል።

በዚህ ስሌት አዲስ አልጋ ከመትከል ይልቅ ያሉትን አልጋዎች የሚያገለግል ሥራ ይሻላል የሚል አስተያየት አለን፤ ጀልባ፣ ዓሣ ማቅረብ፣ ልብስ ማጠብ። ውሃው ላይ ያለው ጀልባ ደግሞ አቅጣጫ የመምረጥ ችግር የለበትም። የትም ቢያቆሙት ምዕራቡን ማየት ይችላል። መንግሥትም በዚህ በኩል ተነስቷል፤ 188 መንገደኞች እንድትይዝ የተሠራችው «ጣናነሽ 2» በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጓጉዛ፣ የዓባይን በረሃ ወጥታ ጎጃም ገብታለች። ከቀይ ባሕር በኩል ለጎጃም የመጣ ዕቃ ጣና ላይ የሚንሳፈፍ ሲሆን የባሶ ነጋዴዎች ቢያዩ የሚሉትን መገመት ያስቸግራል።

ቢሆንም መሬት እፈልጋለሁ ለሚል አንድ ነገር እንጨምር። የሚገዛው የሊዝ መብት ነው፤ ከሐይቁ ምን ያህል ርቀት መገንባት እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ሳይያዝ ቀብድ አይከፈልም። ቀጥሎ ፀሐይዋ የምትጠልቅበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በጣና አካባቢ በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ያለው ልዩነት 48 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በታኅሣሥ ውሃው መሐል የምትገባዋ ጀምበር በሰኔ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ጀርባ ልትገባ ትችላለች። ቦታውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ወቅት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ደላላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ጠዋት ነው።